ጥሎን የሄደው አሰልጣኝ ተመለሰ፤ ከበሮዬን ልምታለት ወይ?

ውድ እትዬ፣

ዓምድዎን የምታነበው ባለቤቴ ናት። እኔ ስለ እግር ኳስ ምክር እጠይቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ግን የምነግረው ሰው አጣሁ።

የክለባችንን ስም ልተወው። ከተማውን ከጠራሁ ሰውየውን ሁሉም ያውቀዋል። ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ፤ ከሥራ ውጭ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የደጋፊው አስጨፋሪ ነኝ። ከበሮው የኔ ነው። ይህ አሰልጣኝ ሲመጣ ከፍተኛ ሊግ ውስጥ ነበርን፤ ከፕሪሚየር ሊግ አንድ ደረጃ በታች። በሁለት ዓመት ፕሪሚየር ሊግ አስገባን፤ በመጀመሪያው ዓመታችንም አራተኛ ወጣን። ያን ጊዜ በከተማችን የቡና ሒሳብ የሚያስከፍለው ሰው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ግን ዙሩ እንደተጋመሰ ማታ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። በሳምንቱ የማንወደውን ክለብ ቱታ ለብሶ አየነው። እኛ ከመውረድ የተረፍነው በመጨረሻው ጨዋታ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ አምበላችንን አስከትሎ ወሰደ።

በዚያው ዓመት ከእነሱ ጋር ስንጫወት ዘፈን አወጣሁለት። ሙሉውን አልጽፈውም፤ እናቱ አለችበት። ያኔ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበረው። እኛ ጋ ሳሉ ከጨዋታ በፊት እየመጣ ከበሮዬን ይመታ ነበር። ያን ቀን ከእነሱ ተጠባባቂ ወንበር ጀርባ ተቀምጦ አየኝ። እኔም አየሁት። አላቆምኩም።

አሁን ከአራት ዓመት በኋላ ክለቡ መልሶ ቀጠረው። ወሬውን ስሰማ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር፤ ጮኼ ስነሣ ግንባሬን ከብረቱ ጋር አጋጨሁት። ከደስታ ነው። ከዚያ አፈርኩ። ማኅበራችን ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ «እንኳን ወደ ቤትህ መጣህ» የሚል ባነር እያሠራ ነው፣ ግማሹ ሜዳ ሲገባ ጀርባችንን እንሰጠዋለን ይላል። ታናሽ ወንድሜ ከሁለተኛዎቹ ነው፤ ደስ ማለቴን ካወቀ ወዲህ አያናግረኝም። የመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁለቱም ወገን የሚጠብቀው የኔን ከበሮ ነው። ደስ ማለቴ ክብረ ቢስነት ነው? ምን ላድርግ?

አስጨፋሪው

ወንድሜ፣

ከላይ ያለውን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤህ አራት ገጽ ነበር፤ ሦስት ገጽ ተኩሉ ሰውየው ስላደረገው ነው። የሄደበት ማታ፣ የሻንጣው ቀለም፣ በአዲሱ ክለቡ የሰጠው ቃለ ምልልስ፣ እዚያ ላይ የሳቀው ሳቅ ሳይቀር አለበት። ልጁ ያለው ግን ጥቂት መስመር ላይ ብቻ ነው። እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ስለ ደስታህ ልንገርህ። እኔ አባቴ እጄን ይዞ እየወሰደ አዲስ አበባ ስታዲየም ያሳደገኝ ሴት ነኝ። እሱ «ከማን አንሼ» ነበር የሚቀመጠው፤ ከሚስማር ተራና ከካታንጋ የሚመጣውን ስድብ ግማሹን አልሰማህም ይለኝ ነበር፣ ግማሹን ራሱ ይስቅበታል። ከባህር ማዶ ደግሞ የሊቨርፑል ነኝ፤ እሱን ከታላቅ ወንድሜ ነው የወረስኩት፣ መድኃኒት ያልተገኘለት በሽታ ነው። ስለዚህ ያንተን ግንባር ያጋጨው ደስታ በመጽሐፍ አይደለም የማውቀው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ሊቨርፑል ኬኒ ዳልግሊሽን መልሶ አመጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዳልግሊሽ ለእኛ ምን እንደነበር ላላደገበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በአሰልጣኝነቱ በ1986፣ በ1988 እና በ1990 የሊግ ሻምፒዮን አድርጎናል። ዋናው ግን እሱ አይደለም። በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨፍለቅ በጠቅላላው 97 ደጋፊዎች ሞተዋል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ከቀብር ወደ ቀብር ሲዞር ነው የከረመው፣ በአንድ ቀን አራት ቀብር የደረሰበት ጊዜ ነበር። ከዚያ በየካቲት 1991 ከከተማ ባላንጣችን ከኤቨርተን ጋር 4 ለ 4 ተለያይተን በሁለተኛው ቀን በቃኝ ብሎ ወጣ። ሊጉን እየመራን ነበር። በዚያው ዓመት መከር ላይ ብላክበርንን ያዘ። በ1995 ብላክበርንን የሊጉ ሻምፒዮን አደረገው፤ ሻምፒዮን የሆኑበት የመጨረሻ ጨዋታ የት እንደነበር ታውቃለህ? አንፊልድ። የኛው ሜዳ። ያን ቀን ሊቨርፑል 2 ለ 1 አሸንፎም ዋንጫው የእነሱ ሆነ፤ የኛ ደጋፊዎችም አጨበጨቡለት። (ማንቸስተር ዩናይትድ ስላጣው ጭምር ነው፤ እውነቱን እንነጋገር።)

ታዲያ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲመለስ እኔ ምን ሆንኩ? ወንድሜ ደውሎ «ኬኒ መጣ» አለኝ፤ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር፣ ሽሮው ገነፈለ። በዚያው ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከደስታዬ ሥር ፍርሃት ነበር፤ ይህ ሰው ቢሸነፍስ? ያን ሁሉ ዓመት እንደ ፎቶ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን ሰው አንድ ቀን «አሰናብቱት» ብዬ ልጮህበት ነው? የመጀመሪያ ጨዋታው ማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ፣ ኦልድትራፎርድ ነበር፣ 1 ለ 0 ተሸነፍን። በቀጣዩ ዓመት የሊግ ካፕን በመለያ ምት አነሣን፣ የኤፍኤ ካፕን ፍጻሜ በቼልሲ ተሸነፍን፣ በሊጉ ስምንተኛ ወጣን፤ በግንቦት 2012 ተሰናበተ። የፈራሁት ግማሹ ደረሰ ማለት ነው። ሆኖም በ2017 አንፊልድ ውስጥ አንዱን የተመልካች ክፍል በስሙ ሰየሙት፤ ስምንተኛ የወጣንበት ዓመት ያንን አላስቀረበትም።

ስለዚህ ደስ ማለትህ ክብረ ቢስነት አይደለም። ደብዳቤህ ውስጥ ራስህ ጽፈኸዋል፤ ባለቤትህን ያገባኸው ፕሪሚየር ሊግ በገባችሁበት ክረምት ነው፣ በሠርግህም ከበሮህ ተመቷል። መኪናው ሥር ሆነህ ስትጮህ ሰውየውን ብቻ አይደለም የጠራኸው። ያን ክረምት በሙሉ ነው። ወንድምህ ይህን ከክህደት ከቆጠረብህ እሱም በልቡ ደስ ብሎት ይሆናል፤ እንደዚያ የሚያኮርፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያኮርፈው ራሱን ነው።

አሁን «ከዳን» ወደሚለው ቃልህ ልምጣ። ሰባት ጊዜ ጽፈኸዋል፤ ቆጥሬዋለሁ።

በሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ነገር እንደ ዋዛ ጣል አድርገህ አልፈሃል፤ በዚያ ሰሞን ተጫዋቾቹ ሁለት ጊዜ ልምምድ አንሠራም ብለው ነበር። ወንድሜ፣ ተጫዋች በአገራችን ልምምድ አልሠራም የሚለው ለምን እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። አብዛኞቹ ክለቦቻችን ከከተማ አስተዳደር በሚመጣ በጀት የሚተዳደሩ ናቸው፤ በጀቱ ሲዘገይ ደሞዝ ይዘገያል፣ አንዳንዴ በወራት። ለተጫዋቾቹ ካልተከፈለ ለአሰልጣኙ ተከፍሎ ነበር ብለህ ታስባለህ? ጠይቀህ ታውቃለህ? ሦስት ገጽ ተኩል ውስጥ አንድም ቦታ «ለምን ሄደ» የሚል ጥያቄ አላገኘሁም። እንዴት እንደሄደ ብቻ ነው ያለው።

የጊዮርጊስ ደጋፊዎች አሳምረው የሚያውቁት ሰርቢያዊው አሰልጣኝ ሚቾ ኡጋንዳን ይዞ ከ39 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ አሳለፈ። የ2017ቱ ዋንጫ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሥራውን ለቀቀ፤ ምክንያቱን ሲናገር አልሸፋፈነም፣ ደሞዜን አልከፈሉኝም አለ። ኡጋንዳዊው ደጋፊ በማን ይናደድ? በሄደው ወይስ ባልከፈለው? በ2021 ያው ፌዴሬሽን መልሶ ቀጠረው። ሁለተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው አልሆነም፤ ለቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ አላለፉም፣ በ2023 ተለያዩ። ቢሆንም ሲመለስ «ከሃዲው መጣ» የተባለ አይመስለኝም፤ ለምን እንደሄደ አገሩ ሁሉ ሰምቶ ነበርና።

ይህን የምልህ ያንተን ሰውዬ ነፃ ላወጣው አይደለም። ደሞዝ የቀረበት ሰው «ደህና ሁኑ» ማለት አያቅተውም። በማታ ሻንጣ ይዞ መውጣት፣ በሳምንቱ የባላንጣችሁን ቱታ ለብሶ በቴሌቪዥን መሳቅ ልብ ያቆስላል፣ መቁሰልህም ልክ ነው። እኔ የምለው ቁስሉን በልኩ እንየው ነው። እሱ ሥራ ቀየረ፤ ያውም ባልተገባ አካሄድ። አንተ ግን አባትህ ቤቱን ጥሎ የሄደ ያህል ነው የጻፍከው። እንዲህ ያደረገህ ፍቅርህ ነው፤ ያን ያህል ውደደኝ ብሎ ግን ውል አልፈረመልህም።

ያንተን ጉዳይ በጣም የሚመስልልኝ የዴቪድ ሞይስና የኤቨርተን ነው። (እኔ የሊቨርፑል ሆኜ ስለ ኤቨርተን ደግ ነገር ስናገር ምን ያህል እንደሚያመኝ አስብልኝ።) ሞይስ በ2002 መጥቶ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ዋንጫ አላነሣም፤ በትንሽ ገንዘብ ግን አንድ ጊዜ አራተኛ አስወጣቸው፣ በ2009 ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ አደረሳቸው። በ2013 ውሉ ሲያልቅ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሄደ። ስንብቱ ራሱ ያማረ ነበር፤ ተጨብጭቦለት ነው የወጣው። ነገሩ የተበላሸው ክረምቱ ላይ ነው። ዩናይትድ የኤቨርተንን ተጫዋቾች ፌላይኒንና ቤይንስን አንድ ላይ በገንዘብ ሲጠይቅ የኤቨርተን ሰዎች ዋጋውን እንደ ስድብ ቆጠሩት። በመጨረሻ ፌላይኒ በ27.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተከትሎት ሄደ። ያንተን አምበል አስታወስኩ።

ከዚያ ሚያዝያ 2014 ላይ ዩናይትድን ይዞ ወደ ኤቨርተን ሜዳ፣ ጉዲሰን ፓርክ መጣ። 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ የመጀመሪያዋን ግብ በፍፁም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ያው ሊወስደው ፈልጎ የነበረው ቤይንስ ነው። ከተቀመጠበት ጀርባ አንድ ደጋፊ እንደ መልአከ ሞት ጥቁር ካባ ለብሶ ረጅም ማጭድ አንገቱ ላይ ሊደርስ ምንም እስኪቀረው ሰበቀበት። በሁለተኛው ቀን ዩናይትድ አሰናበተው። የስድስት ዓመት ውል ነበረው፤ አንድ የውድድር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቀረ። ካንተ ከበሮ ያላነሰ ነገር ተደርጎበታል ማለቴ ነው።

በጥር 2025 ኤቨርተን 16ኛ ነበር፤ ከወራጅ ቀጠናው የሚለየው አንድ ነጥብ ብቻ። ሞይስን መልሰው ጠሩት። ያን ጊዜ የኤቨርተን ደጋፊ የሆነ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ «አልወደውም፣ ግን ተኝቼ ነው ያደርኩት» አለኝ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አልረሳትም። የመጀመሪያውን ጨዋታ በአስቶን ቪላ 1 ለ 0 ተሸነፉ። በአራተኛው ቀን ቶተንሃምን 3 ለ 2 አሸነፉ። በመጨረሻ 13ኛ ሆነው ጨረሱ፤ ከ1892 ጀምሮ የተጫወቱበትን ጉዲሰን ፓርክንም የዋናው ሊግ ክለብ ሆነው በግንቦት ተሰናበቱት። ይህ ሁሉ ሲሆን ያንን ማጭድ ያነሣበት ሰው የለም። በይፋ ይቅርታ የጠየቀም፣ ይቅር ብያለሁ ያለም የለም። ሥራ ነበረ፤ ተሠራ።

እዚህ ላይ አንተም ማኅበራችሁም ልታስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ሞይስ የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ እንዳንወርድ አድርገን። የድሮውን ዘመን መልስልን አላሉትም። ተመልሰው የመጡ አሰልጣኞችን ሳያቸው ብዙውን ጊዜ የሚሰበሩት የድሮውን እንዲደግሙ ሲጠበቅባቸው ነው። ላምፓርድን ተመልከት፤ በ2023 ቼልሲን በጊዜያዊነት ሲይዝ ስሙ ብቻ ያረጋጋናል ተባለ፣ በ11 ጨዋታ ያሸነፈው አንዱን ነው። ሞሪንሆ ወደዚያው ወደ ቼልሲ በ2013 ሲመለስ በሁለተኛው ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሦስተኛው ታኅሣሥ ላይ 16ኛ ደረጃ ላይ እያሉ ተባረረ። የቼልሲ ሜዳ የስታምፎርድ ብሪጅ ደጋፊ ያን ሰሞን ስሙን እየዘመረ ተጫዋቾቹን ነበር የሚሳደበው። በ2017 ዩናይትድን ይዞ ሲመጣ ግን ከነዚያው መቀመጫዎች «ይሁዳ» ብለው ጮሁበት፤ እሱም ሦስት ጣቱን አውጥቶ ያመጣላቸውን ሦስት የሊግ ዋንጫ አስቆጠራቸው። የአስጨፋሪ ሥራ ምን ያህል ክፉ ሥራ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለኝም።

በሌላ በኩል አንቸሎቲ በ2015 ከሪያል ማድሪድ ተባሮ በ2021 ሲመለስ ሁለት የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ጨመረ። አሰልጣኝ ሃይንከስን የጀርመኑ ባየርን በ1991 አባረረው፤ ክለቡን ይመራ የነበረው ኡሊ ሄኔስ ያን ስንብት ከሠራቸው ስህተቶች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ተናግሯል፤ በ2013 የሊጉን፣ የአገሩንና የአውሮፓን ሦስቱንም ዋንጫ ያስገኘላቸው ያው ያባረሩት ሰው ነው። ወንድምህም አንተም ከታሪክ የፈለጋችሁትን ትመዛላችሁ፤ ጭቅጭቁን የሚጨርስላችሁ ግን የለም።

ይልቅ ሁለታችሁም ልትጠይቁት የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ክለቡ ለምን ቀጠረው? ዕቅድ ኖሮት ነው ወይስ የደጋፊውን አፍ ለመያዝ? ኬቪን ኪጋን በጥር 2008 ኒውካስል ሲመለስ ከተማው አበደ፤ የዘጠናዎቹን ቡድኑን ያየ ሰው ማበዱ አይፈረድበትም። ስምንት ወር ሳይሞላው በዝውውር ጉዳይ ከአለቆቹ ጋር ተጣልቶ ወጣ፤ ሳይስማማበት ተጫዋች ያመጡበት ነበር። ኋላ ጉዳዩን ያየው የግልግል ጉባኤ ፍርዱን ለእሱ ሰጠ። ክለቡ ግን በግንቦት 2009 ወርዶ ነበር። የተወደደ ሰው መልሶ ማምጣት ለቢሮ ሰዎች ርካሽ ጋሻ ነው፤ ጩኸቱ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፣ እነሱ ከኋላ ቁጭ ይላሉ። ባነር ለማሠራት ያዋጣችሁትን ገንዘብ ሳስብ፣ ማኅበራችሁ ሦስት ተወካይ መርጦ «የዘንድሮ ደሞዝ በጀት ተይዟል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ለሰውየውም ለእናንተም ከባነሩ ይበልጥ ነበር እላለሁ። እንዳላችሁት እንደገና በማታ ሻንጣ እንዳይዝ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የሚዘጋው በር እሱ ነው።

አሁን ወደ ልጁ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። አራት ገጽ ሙሉ ስትጽፍ የተወጋው አንተ ነህ። ያን ቀን ሜዳ ላይ ግን ጦሩ ማን እጅ ነበር? ሰውየው አንተን ሲተው ስምህን እንኳ አያውቅ ይሆናል። አንተ ግን ስሙን አውቀህ፣ እናቱን ጨምረህ፣ ግጥም ገጥመህ፣ በብዙ መቶ አፍ አስጮኸህበት። ልጁ አንተን የሚያውቅህ ከበሮ በሚያስመታው ጋሼነትህ ነው። እዚያው ተቀምጦ ስለ አያቱ ሲዘፈን ሰማ። ያን ሁሉ ዓመት በሰውየው መሄድ ላይ ስታተኩር የኖርከው እሱን ላለማየት ይሆን እንዴ? እኔ እንደዚያ ነው ያነበብኩት። ከተሳሳትኩ ይቅርታ፤ ግን ካልተሳሳትኩ፣ «ልጨፍርለት ወይስ ጀርባ ልስጠው» የሚለው ጭንቀትህ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። እሱ ያደረገብህን ልታስተካክለው አትችልም። አንተ ያደረግከው ግን በእጅህ ነው ያለው።

ጩኸትን እኔ አልቃወምም። አባቴም ይጮህ ነበር። ጀርባ መስጠትም ስድብ አይደለም፤ ማድረግ የሚፈልግ ያድርግ፣ አንገት ያማል እንጂ። እናትን ማንሣት ግን ከኳስ ውጭ ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ፣ ባታውቀው ግጥሙን ትጽፍልኝ ነበር።

እንዲህ አድርግ። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ሰውየውን አግኘው። ሽማግሌ አትላክ፤ ሽማግሌ ከገባበት ነገሩ የከተማ ወሬ ይሆናል፣ እሱም በሰው ፊት ይቅር ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖረውም። የማኅበሩን ሰዎች ይዘህ አትሂድ። ፎቶ እንዳትነሣ። ልምምድ ካበቃ በኋላ፣ ኳሶቹ ወደ መረቡ ሲሰበሰቡ ቀረብ በልና ለብቻው ንገረው፤ ያን ዘፈን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እናትህን ማንሣት አልነበረብኝም፣ ልጅህም እዚያ ነበር፣ ይቅርታ አድርግልኝ። እዚህ ላይ አቁም። «አንተም ግን…» የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ለምን በማታ እንደሄደ መጠየቅ ከፈለግህ ሌላ ቀን ጠይቀው፤ መብትህ ነው። በአንድ ቀን ሁለቱን ካደረግካቸው ግን ይቅርታው ሒሳብ ማወራረጃ ይሆናል።

ይቅር ላይልህ ይችላል። ወይም ደግሞ፣ ይሄኛው ይብሳል፣ «የትኛውን ዘፈን?» ሊልህ ይችላል። አሰልጣኞች ብዙ ስድብ ይሰማሉ። ብሎህ ከሆነ አትዘርዝርለት።

ለልጁስ? አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ከበሮውን ይዘህለት እንዳትሄድ! እንዲህ ያለ ነገር ታስባለህ ብዬ ስለፈራሁ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሰው ፊት «ና ምታ» ከተባለ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። አባቱን ጠይቀው፤ ከፈቀደ ለልጁም ያቺኑ አጭር ቃል በላት። ካልፈቀደ ተወው።

ከዚያ የጨዋታው ቀን። ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ስለሚካሄድ ያን ሁሉ ሰዓት በአውቶቡስ ሄዳችሁ ነው የምትገቡት፤ መንገድ ላይ ክርክሩ እንደሚጦፍ አውቃለሁ፣ አንተ ተኛ። ሜዳ ስትገቡ በተጫዋቾቹ ስም ጀምር። ከመካከላቸው ግማሾቹ ያን ጊዜ አልነበሩም፤ የእናንተ የድሮ ጸብ አያገባቸውም፣ ጨዋታ አለባቸው። የአሰልጣኙን ስም አንተ አታንሣ፤ ለውዳሴም ለስድብም። ይህ ፍርሃት እንዳይመስልህ፤ የአስጨፋሪ ሥራ እኮ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ሕዝቡ ያልፈለገውን ዘፈን ብትጀምረው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ብቻህን ትቀራለህ። ስሙ የሚነሣ ከሆነ ከመቀመጫው ራሱ ይነሣ። ዘጠና ደቂቃ አለ፤ አንድ ወርም አለ። ያኔ ከበሮህ ይከተል። ካልተነሣም አልተነሣም።

አንድ ነገር ግን ያንተ ብቻ ነው። ያን የድሮ ዘፈን የሚጀምር ሰው አይጠፋም፤ በተለይ ግብ ከገባባችሁ። ሲጀመር እጅህን ከከበሮው አንሣ። ጥሩ ዘፈን ቢሆንም ባይሆንም ያለ ከበሮ አይቆምም፤ ባለቤቱ ዝም ሲል ሕዝቡ ይገባዋል።

ለወንድምህ ይህን ደብዳቤ አታንብብለት። «እትዬ እንዲህ አለች» ብለህ ከሄድክ ይበልጥ ይገተራል፤ እኔም ታናሽ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። አሳምነው አላልኩህም፣ ጀርባውን ይስጥ። አውቶቡሱ ላይ ብቻ ቀድመህ ግባና ቦታ ያዝለት። በመስኮቱ በኩል።